ባሕሩ ያልተከፈለላቸው

እ.ኤ.አ. በ1862፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተሰቦች ቤታቸውን ትተው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ሰሜን ተነሡ። ከፊት የሚመሯቸው አባ መሃሪ የሚባሉ መሎክሴ ነበሩ። መሎክሴ ማለት በእነሱ ዘንድ መነኩሴ ነው። መድረሻቸው ኢየሩሳሌም ነበረች። በመካከል ቀይ ባሕር እንዳለ ያውቃሉ፤ ስለ መርከብ ግን አልተጨነቁም። ባሕሩ አንድ ጊዜ ለሙሴ ተከፍሏል፤ ለእነሱ የማይከፈልበት ምክንያት አልታያቸውም።

ከባሕሩ አልደረሱም። ጉዞው ትግራይ ውስጥ፣ በአክሱም አካባቢ ቀረ። ስንቁ አለቀ፣ በሽታ ገባ፤ ብዙ ሰው በየመንገዱ ተቀበረ። ከተረፉት ጥቂቶቹ እዚያው ትግራይ ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ከዓመታት በኋላ ወደ ለቀቁት ቀያቸው እየተንጠባጠቡ ተመለሱ።

ይህን ታሪክ እንደ ጅልነት ማንበብ ይቀላል። በጊዜው የነበሩ ፈረንጆች እንደዚያ አንብበውታል ቢባል አይደንቅም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ከነልጆቹ ተነሥቶ ባሕር ይከፈልልኛል ብሎ የሚሄደው በአንድ ቀን ስብከት አይደለም። አባ መሃሪ የተናገሩት ቃል መሬት ያልወደቀው፣ ከእሳቸው በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በየዓመቱ ሲዘራ የኖረ ቃል ስለ ነበር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከርስት ነው። አማርኛ ለሁለት ነገር አንድ ቃል አለው። ገበሬው ከአባቱ የሚወርሰው መሬት ርስት ይባላል። እግዚአብሔር ለአብርሃም ዘር እሰጣለሁ ብሎ የማለላት ምድርም ምድረ ርስት ናት። ለክርስቲያኑ የሰሜን ገበሬ ሁለቱ ቃላት እንደ ልብ የሚገጥሙ ነበሩ፤ ርስቱ ከእግሩ ሥር ነው፣ ምድረ ርስት ደግሞ በመጽሐፍ ውስጥ ናት። ቤተ እስራኤሎች ግን የመጀመሪያውን ርስት ተነጥቀዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ጦር አዝምተው ካሸነፏቸው በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ እምቢ ያለ ፈላሲ ይሁን የሚል ፍርድ እንደ ሰጡ ይነገራል። ፈላሲ ማለት ፈልሶ የሚኖር፣ ሥር የሌለው ሰው ነው። «ፈላሻ» የሚለው ስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ባለቤቶቹ ስሙን የማይወዱትም ስለዚህ ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው።

በሰሜን ተራሮች ግን እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በራሳቸው መሪዎች ሥር እየተዋጉ ቆይተዋል። የመጨረሻውን ምሽጋቸውን የሰበሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ቤተ እስራኤል የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ፣ ወይም የእጅ ባለሙያ ሆነ። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ግንብ ገነቡ። ሴቶቹ ገንቦና ምጣድ ሠሩ። ማረሻውን የሚገዛቸው ገበሬ ቀን ለቀን ሲገበያያቸው ይውላል፤ ሲመሽ ደግሞ ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ እያለ ይፈራቸዋል። እነሱም በበኩላቸው ስለ ንጽሕና የነበራቸው ሕግ ጥብቅ ነበርና ከሌላ ሰው ጋር ከተነካኩ ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም፤ ጎረቤቱ «አትንኩኝ» የሚል ስም ያወጣላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። መንደራቸውን ከወንዝ ዳር የሚቆረቁሩትም ለዚሁ ነበር።

እንግዲህ ከእግሩ ሥር ርስት የሌለው ሰው የተስፋዋን ምድር ጉዳይ እንደ ምሳሌ አድርጎ ሊያነበው አይችልም። ለእሱ የውርስ ሙግት ነው። ዳኛው እግዚአብሔር ነው፤ ሰነዱ ኦሪት ነው።

ኦሪቱ በግእዝ የተጻፈ ነው። ቤተ እስራኤሎች ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ ሌሎች አይሁድ የሚያከብሩትን ሐኑካን አያውቁትም። ሰንበትን ግን እሳት ሳያነዱ ያከብሩ፣ በፋሲካም በግ ያርዱ ነበር። ከሌላው የአይሁድ ዓለም ተነጥለው ለብዙ ዘመን ስለ ኖሩ በዓለም ላይ የቀሩት አይሁድ እነሱ ብቻ የመሰላቸው ጊዜ ነበር። የጸሎት ቤታቸው መስጊድ ይባላል። ከሙስሊሙ ወስደውት አይደለም፤ የሁለቱም ቃል ከመስገድ የወጣ ነው። ትልቁ ዓመታዊ በዓላቸውም ከዚያው ሥር የተገኘ ስም አለው፤ ስግድ ይባላል። ምሕላ የሚሉትም አሉ።

ስግድ የሚውለው ከአስተሥርዮ፣ ማለትም ከማስተሥረያ ጾም በ50ኛው ቀን ነው። በአይሁድ አቆጣጠር የስምንተኛው ወር 29ኛ ቀን ሲሆን፣ በእኛው በጥቅምት ማብቂያና በኅዳር መካከል ይወድቃል። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ደርቋል፤ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የተመቸ ወቅት ነው። ከጎንደር ከተማ ብዙ በማይርቀው አምቦበር ይደረግ የነበረው ስግድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከሁሉ የታወቀው ነበር። ሰዉ ቀደም ብሎ፣ አንዳንዱም የቀናት መንገድ ተጉዞ ይደርሳል። ማለዳ ታጥቦ ነጭ ልብሱን ይለብሳል። ከዚያ በጾም እንዳለ ተራራ ይወጣል። ካህናቱ በቀለማት ያሸበረቀ ጥላ ተይዞላቸው፣ ኦሪቱን በጨርቅ ጠቅልለው ይሸከማሉ። ምእመናኑ ከኋላ ይከተላሉ። በትከሻው ወይም በራሱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፤ ራስን ዝቅ የማድረግ ምልክት ነው።

ከተራራው አናት ሲደረስ የሲና ታሪክ ይነበባል፤ ሕጉ እንዴት እንደ ተሰጠ። ቀጥሎ መጽሐፈ ነህምያ ይነበባል፤ ከባቢሎን የተመለሱት ሰዎች በኢየሩሳሌም ተሰብስበው እንዴት እንደ ጾሙ፣ በደላቸውን እንደ ተናዘዙ፣ ከእግዚአብሔር ጋር የገቡትን ኪዳን እንደ አደሱ። ካህናቱ በግእዝ ያነባሉ፤ ከዚያ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል። በምዕራፍ 9 ላይ ያለው ረጅም ጸሎት ከፍጥረት ተነሥቶ አብርሃም ላይ ይደርስና፣ እግዚአብሔር ምድሪቱን ለዘሩ ለመስጠት ቃል እንደ ገባ፣ ጻድቅ ስለ ሆነም ቃሉን እንደ ፈጸመ ይናገራል። ሰዉ ይሰግዳል፤ እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል፤ ያለቅሳል።

ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ቀን የሆነ ይመስላል። ኦሪቱ በእልልታና በዝማሬ ከተራራው ይወርዳል። ጾሙ ይፈታል። ዳቦው ይቆረሳል፣ ሥጋው ይቀርባል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጭፈራው ይደምቃል። ጧት ስለ ኢየሩሳሌም ያለቀሰው ሰው ማታ ይጨፍራል።

የስግድን ጥበብ መፈለግ ያለብን እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተስፋን ብቻ የሚያከብር በዓል ተስፋው በዘገየ ቁጥር ይደክማል። ለቅሶ ብቻ የሆነ በዓል ደግሞ ልጆች ይሸሹታል። ስግድ ሁለቱን በአንድ ፀሐይ ውስጥ ከተታቸው፤ ያልተፈጸመው ነገር እስከ ቀትር ይለቀስለታል፣ ከቀትር በኋላ እንደ ተፈጸመ ተቆጥሮ ይበላለታል። በሚቀጥለው ዓመት ሰዉ እንደገና ተራራውን ይወጣል። የዚህን በዓል አጀማመር አንዳንድ ሽማግሌዎች ከዐፄ ካሌብ ዘመን ያደርሱታል፤ ሌሎች ደግሞ ምንኩስናን ለቤተ እስራኤል ካስተማሩት ከ15ኛው ክፍለ ዘመኑ ከአባ ጽብራ ጋር ያያይዙታል። ምንም ይሁን ምን፣ ርስት ያጣ ሕዝብ የተዋጣለት ሥራ ነው።

ተስፋው በተራራ ላይ ብቻም አልቀረም። ልጆች ሽመላ ሲያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት በዜማ ይጠይቁት ነበር። ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ የተሳሳተ አይደለም። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚወርደው ሽመላ በእርግጥም በእስራኤል ሰማይ ላይ ያልፋል።

ታዲያ ለዘመናት በተራራ ላይ ሲጸለይ የኖረው ነገር በ1862 ለምን እግር አወጣ? ምክንያቱ ተስፋው ተከራካሪ ስላገኘ ነው። በ1860 አይሁድን ለማጥመቅ ከለንደን የተላከው ሄንሪ አሮን ስተርን ጎንደር ደረሰ። የሚስዮኑን ሥራ ያካሄደው ማርቲን ፍላድ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ስብከታቸው ባጭሩ ሲቀመጥ፣ የተስፋው ቃል ተፈጽሟል፣ የምትጠብቁት መሲሕ መጥቶ ሄዷል የሚል ነበር። የተጠመቁ ተገኙ። ክርክሩ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ችሎት ደረሰ። ድሮ የቤተ እስራኤልን ርስት የወሰደው ጎረቤት ነበር፤ አሁን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ተስፋውን ራሱን ሊወስድበት ሆነ። የአባ መሃሪ ጉዞ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። ቃሉ ገና አልተፈጸመም ብሎ መከራከር አንድ ነገር ነው፤ ተነሥቶ መሄድ ሌላ።

ጉዞው ሲከሽፍ ተስፋው አብሮ መሞት ነበረበት። በየሀገሩ እንዲህ ያለ ጉዞ ከከሸፈ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ኩርፊያ ነው፤ መሪው ሐሰተኛ ይባላል፣ ሰዉ ይበተናል። እዚህ ግን እንደዚያ አልሆነም። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1867 ጆሴፍ ሀሌቪ የተባለ አይሁዳዊ ምሁር ከፓሪስ ተልኮ መጣ። እኔም የእናንተው ወገን ነኝ ሲላቸው አላመኑትም፤ ነጭ አይሁዳዊ አለ ብሎ ማን ያስባል! ሚስዮናዊ ነው ብለው ጠረጠሩት። ኢየሩሳሌምን ሲጠራላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ በዓይንህ አይተሃታል ወይ እያሉ ከበቡት። ገና የመንገዱን ሬሳ በቅጡ ያልረሳ ሕዝብ ነው ይህን የሚጠይቀው።

ቀጥሎ ክፉ ቀን መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ረሃብ ከብቱን ፈጀ፣ መንደሮችን ባዶ አደረገ፤ የመሎክሴዎቹንም ኑሮ ከሥሩ ነቀነቀው። የቤተ እስራኤል ምንኩስና ከዚያ ወዲያ ወደ ቀድሞ ይዞታው አልተመለሰም። ሀሌቪ መምህር ሆኖ ሳለ ለእነዚህ ሰዎች ከመምህሩ ይልቅ ደቀ መዝሙሩ ጠቀማቸው፤ የሀሌቪ ተማሪ የሆነው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 መጥቶ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ውጭ ወሰደ። ከነዚህ አንዱ ታምራት አማኑኤል ናቸው። በ1923 በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመሩት እሳቸው ናቸው። ከወለቃ መንደር የወጡት ዮና ቦጋለም በዚሁ መንገድ ተምረው ተመልሰው፣ ለብዙ ዓመታት በጎንደር ዙሪያ ላሉ ትምህርት ቤቶች ደከሙ። በ1955 ጥቂት ልጆች ወደ እስራኤል ክፋር ባትያ ተላኩ፤ ተምረው እንዲመለሱና ሌላውን እንዲያስተምሩ ነበር። ተስፋው በዚህ ጊዜ ደብተርና እርሳስ ይዟል።

የኢየሩሳሌም በር ግን በቶሎ አልተከፈተም። የእስራኤል መንግሥት ከቆመ ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የሰፋርዲዎቹ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤሎች ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። እ.ኤ.አ. በ1975 የእስራኤል መንግሥት በመመለስ ሕግ ሊቀበላቸው ተስማማ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ደርግ ከሀገር የሚወጣውን ሰው መንገድ እየዘጋ ነበር።

ስለዚህ በእግር ተሄደ። ከትግራይ የወጡት አስተማሪ ፈረደ አክሉም ሱዳን ገብተው ከእስራኤል የስለላ ድርጅት ጋር በመሥራት መንገዱን ካስከፈቱት ቀዳሚው ናቸው። መጀመሪያ የወጡት የትግራይና የወልቃይት ሰዎች ናቸው፤ የጎንደሮቹ ተከተሉ። ሌሊት ይጓዛሉ፣ ቀን ይደበቃሉ። ሽፍታ ይዘርፋቸዋል። ሱዳን ሲደርሱ በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባ መጠለያ ማንነታቸውን ደብቀው ይጠብቃሉ። በዚያ ጉዞና በመጠለያዎቹ ውስጥ ያለቀው ሰው ወደ 4 ሺህ ይገመታል።

በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. እስራኤል በአውሮፕላን ባካሄደችው ዘመቻ ሙሴ ከ7 ሺህ እስከ 8 ሺህ የሚገመት ሰው ከሱዳን ወጣ። አውሮፕላኖቹ ከካርቱም ተነሥተው በቀጥታ እስራኤል አይገቡም ነበር፤ በብራስልስ ዞረው ነው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕር አልተከፈለም፤ በቤልጂየም በኩል ተዞረ እንጂ። ወሬው ሲወጣ ሱዳን በረራውን አስቆመች። ብዙ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ ቀረ።

የተለያየው ዳግመኛ የተገናኘው ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሀገር በወጡ በቀናት ውስጥ፣ ኢሕአዴግም አዲስ አበባ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ዘመቻ ሰሎሞን ተካሄደ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሣ። ወንበር ተነቅሎ ሰው እንደ ጤፍ በተጨመረበት በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1 ሺህ ሰው በላይ ተጓዘ። በበረራ ላይ የተወለዱ ሕፃናት አሉ። ከመውጣቱ በፊት ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለው 35 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለሙሴ ባሕሩ ሲከፈል ፈርዖን ገንዘብ አልተቀበለም፤ ይህንንም የሚታዘብ ይታዘብ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለተራኪ በጣም በተመቸ። አላበቃም። በዘመቻ ሙሴ የገቡት ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የሃይማኖት ባለሥልጣናቱ አይሁድነታቸው እንዲረጋገጥ ሥርዓት መፈጸም አለባችሁ አሏቸው። ስለ ሃይማኖቱ ሲሞት ለኖረ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 መጸው ከዋናው የረቢዎች መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በተራራው አናት ኦሪት ተሸክመው የኖሩት ቄሶችም እንደ ረቢ አልተቆጠሩም። ርስት ፍለጋ የሄደው ሰው ርስቱ ላይ እንደገና ባይተዋር ሆነ ማለት ነው።

ስግድም ከዚህ በኋላ መቅረት ነበረበት የሚሉ ነበሩ። ኢየሩሳሌም ከገቡ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም መጸለይ ምን ይባላል? ቄሶቹ ግን አልተዉትም። በየዓመቱ በዚያው ቀን ከመላው እስራኤል ተሰብስበው፣ የጥንቱን ቤተ መቅደስ ቦታ ቁልቁል በሚያሳየው የኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ያነባሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን የሀገሪቱ በዓል አድርጎ በሕግ አጸደቀ። በሱዳን መንገድ ላይ ለቀሩትም እ.ኤ.አ. በ2007 በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሟል።

ለቄሶቹ እምቢታ ከምንም የተሻለ ማስረጃ የሚሆነው ራሱ የሚነበበው ምዕራፍ ነው። የነህምያ 9 ሰዎች ስደተኞች አይደሉም። ከባቢሎን ተመልሰዋል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ናቸው፤ ቅጥሩ እንኳ ተሠርቷል። እግዚአብሔር ቃሉን ጠብቋል ብለው ከመሰከሩ በኋላ ግን ጸሎታቸውን የሚጨርሱት፣ ለአባቶቻችን በሰጠሃት በዚህች ምድር ላይ ይኸው ዛሬም ባሮች ነን፣ ፍሬዋን ሌላ ይበላዋል በሚል አቤቱታ ነው። አምቦበር ላይ ሳሉ ቤተ እስራኤሎች ገና ያልደረሱበትን ቦታ ጸሎት ሲያነቡ ኖረዋል። ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ የሚያነቡት የገዛ ቤታቸውን ነው። ካነበቡ በኋላ፣ ፀሐይ ዘወር ስትል፣ ኦሪቱ በእልልታ ይወርዳል፤ ዳቦው ይቆረሳል።